የቀቀልኩት ድንጋይ

ውድ ጠላቂው፣

ቆመህ እያነበብክ ከሆነ ተቀመጥ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን እወቅ፦ እማዬ አለች። ይህን በምጽፍበት ሰዓት ማድቤት ተቀምጣ ድንች እየላጠች ነው፤ “ልጣጩን አወፈርሽው፣ ግማሹን ድንች ጣልሽው” ብላ ቢላዋውን ከእጄ ነጥቃኛለች። እኔ ደግሞ የሥራ ሪፖርት እየጻፍኩ ነው ብያታለሁ። ድምፅዋ ገና ሻካራ ነው፣ ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ታርፋለች፤ ግን አለች። ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ስታነብ ልብህ ቀጥ እንዳይል ነው።

እማዬን ልገድላት ነበር። በገዛ እጄ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እዚሁ ማድቤታችን ውስጥ። በምን ትለኝ ይሆናል። በድንጋይ። ወርውሬ አይደለም። ቀቅዬ።

ኧረ ጉድ ነው! ስጽፈው እንኳ እውነት አይመስለኝም። ሦስት ሳምንት አልፎታል፣ አሁንም ማድቤት ስገባ ድስቱን ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ዕቃ ሳመክን ኖሬ፣ ሰው እንዳይሞት ስቀቅል ኖሬ፣ በመጨረሻ የቀቀልኩት ነገር እናቴን ሊወስዳት!

“ብርድ መቶኝ ነው” ብላ በስልክ የነገረችህ ውሸት ነው። “የዓሣ ገንዳው እንዴት ነው?” ስትላት “መስታወት መስሏል” ያለችህም ውሸት ነው። እሷ ይህን ውሸት ይዛ እስከ መቃብር ለመሄድ ዝግጁ ናት፤ “አንዲት ቃል ብትነግሪው አልወለድኩሽም” ብላኛለች። እኔ ግን አልቻልኩም። በሚቀጥለው ወር ትመጣለህ። ሳታውቅ መጥተህ ገንዳው ፊት ቆመህ “ትልቁ ድንጋዬ የት ሄደ?” ከምትለኝ አሁኑኑ ጽፌልህ እርሜን ላውጣ። ካነበብከው በኋላ እዚህ ቤት አልገባም፣ እህትም የለኝም ብትል ምንም አልልህም። እንዲያ እንዳትል ግን እየለመንኩህ ነው የምጽፈው።

የሄድክ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የማምከኛ ክፍሉን ታውቀዋለህ፤ ስልክ አይገባም፣ ሰው አይገባም፣ በሩ ላይ ያለው ቀይ መብራት ከበራ ዳይሬክተሩም ውጭ ይቆማል። ያንን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የምኮራበትም እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ መቀለጃ አደረግከው። “ወይዘሮ ንጽሕት መጣች፣ እጃችሁን ታጠቡ!” ትል ነበር ገና ከበር ስገባ። ያንን የጃጀ ማሽናችንን፣ እንፋሎቱን ሲለቅ ሦስት ጊዜ የሚያፏጨውን፣ ሦስተኛው ላይ ድምፁ ስብር የሚለውን፣ አንድ ቀን ምሳዬን ልታደርስልኝ መጥተህ በበሩ ሰምተህ ከዚያ ወዲያ ስታፏጨው ኖርክ። ገበታ ላይ ሳይቀር! እማዬ በሳቅ ትፈርሳለች፣ እኔ ማንኪያ እወረውርብሃለሁ።

የዚያን ዕለት ቤት ስገባ እማዬ ሶፋው ጠርዝ ላይ ኩርምት ብላ ጠበቀችኝ።

“ወንድምሽ ሄደ” አለችኝ።

“የት ነው የሚሄደው?”

“መርከቡ ጠራው። የሞተር ሠራተኛ ጎደለን፣ ዛሬውኑ ድረስ አሉት። ባንቺ በኩል አልፋለሁ ብሎ ነው የወጣው፤ አላገኘሽም?”

አላገኘኝም። የጠራኝ የለም፣ በሩን ያንኳኳ የለም። አየህ፣ ያቃጠለኝ መሄድህ አይደለም። ሥራ ነው፣ ይኬዳል። ግን ለጎረቤት እንኳ ደህና ሁኑ ይባላል! ከአንድ ማኅፀን ወጥተን፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተጎታትተን አድገን፣ አሮጊት እናትና ሦስት መቶ ሊትር የጨው ውሃ ጥለህብኝ እንደ ጥላ ውልቅ! ደሜ ተንተከተከ። የምትልከውን የድምፅ መልእክት አንዱንም ላልከፍት ማልኩ። ሲመጣ አየዋለሁ፣ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። እማዬ በራሷ ስልክ ከአንተ ጋር ስታወራ እኔ ተነስቼ ወደ ጓዳ። “ሰላም ብሎሻል” ስትለኝ “ሰላሙን ለራሱ ያድርገው” እላታለሁ። እልሄን ታውቀው የለ፤ ከአባባ የወረስኩት ቤትና መሬት የለም፣ እሱን ነው።

ገንዳው ግን የእኛን ኩርፊያ ምኑም አላለው። በልጅነትህ ጭንቅላትህን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነክረህ ሃምሳ ሳትቆጥር የማትወጣ ልጅ ነበርክ፤ ስትጎለምስ ባሕሩን እንዳለ ሳሎናችን ውስጥ አስገባኸው። ስትሄድ ያማረ ነገር ነበር፣ ልክድህ አልችልም። እንደ አበባ የፈኩት የባሕር ኮራሎች፣ ያቺ እማዬ “ሙሽሪት” የምትላት ብርቱካንማ ዓሣ፣ ትልቁ ድንጋይ ላይ ምንጣፍ የመሰሉት ክብ ክብ ቡናማና አረንጓዴ ነገሮች። እማዬ “አዝራሮቹ” ትላቸዋለች፤ ከኮት ላይ የተበጠሱ ይመስላሉ ብላ። እኔ ሕይወት ያላቸው እንስሳት መሆናቸውን እንኳ አላውቅም ነበር።

አልጌውን፣ በኋላ ገንዳውን የወረሰውን አረንጓዴ የውሃ ሣር፣ እኔና እማዬ ተጋግዘን ነው ያመጣነው። ዛሬ ገብቶኛል። አንተ በቀን አንድ ቁንጥር ነበር የምትመግባቸው። እማዬ ግን ዓሦቹ ወደ መስታወቱ በመጡ ቁጥር አንጀቷ አይችልም። “ዓይናቸው እኔ ላይ ነው እኮ፣ ልጄ! በር ላይ የቆመ እንግዳ ዝም ይባላል?” ትላለች። ጠዋት፣ ቀን፣ ከሰዓት፣ ደግሞ ለእንቅልፍ። የገንዳው መብራት በበራ በስምንት ሰዓቱ በራሱ ድርግም እያለ እንዳያስከፋት ብዬ ሰዓት ቆጣሪውን ነቀልኩት፤ እስክትተኛ ድረስ ይበራ ጀመር። ውሃው ሲጎድል ደግሞ አንተ ከዚያ ከማጣሪያው በጀሪካን እየቀዳህ ትሞላ አልነበር? እኔ ከቧንቧ ሞላሁ። “እኛ የምንጠጣውን ዓሣ ይጸየፋል እንዴ? ከኛ ይበልጣል?” ብዬ። የተረፈ ምግብ፣ ያለ ልክ ብርሃን፣ ያልተጣራ ውሃ። አልጌ ሌላ ምን ይፈልጋል! ደግሰን ጠራነው።

መጀመሪያ መስታወቱ ላይ እንደ አቧራ ነበር፣ በስፖንጅ ስጠርገው ይለቃል። ከዚያ ድንጋዮቹ ላይ ለምለም ነገር ወጣ፤ እማዬ እንዲያውም አምሮባቸዋል አለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይኸ ነው። በአራተኛው ወር ትልቁ ድንጋይ ያልተሸለተ በግ መሰለ። ፀጉሩ ጣት ያህል ረዝሞ ከውሃው ጋር ወዲያ ወዲህ ይላል።

“ፀጉር አበቀለ እኮ!” አለች እማዬ። “ላበጥረው እንዴ?”

የቀለደች መስሎኝ ነበር። ከሥራ ስመለስ ክንዷ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብታ፣ የድሮ ማበጠሪያዋን ይዛ፣ እውነትም እያበጠረችው አገኘኋት። ስቀን ሞትን። ይኸው ከአንተ ወዲህ በዚህ ቤት የተሳቀው ሳቅ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሳቁ አበቃ። በእጄ እነጫለሁ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። በጥርስ ብሩሽ እፈትጋለሁ፣ ውሃው ሾርባ ይመስላል፣ በነገታው ሌላ ቦታ ይበቅላል። ከኮራሎቹ ሁለቱ ነጥተው ሞቱ። አዝራሮቹም በፀጉሩ ተሸፍነው ክድን ብለው ጠፉ፤ እነሱም የረገፉ መሰለኝ። እማዬ ለአንተ “መስታወት መስሏል” ስትል ጓዳ ሆኜ እሰማታለሁ። እኔን ልትሸፍነኝ ነበር። እኔ ግን ያንን ሳይቀር በአንተ ላይ ቂም አድርጌ ያዝኩት፤ እናቴን ውሸታም አደረገብኝ ብዬ።

አንድ ቀን “ልጄ ሁለት ወር ሲቀረው መምጫው ተነገረው!” ብላ እየዘለለች መጣች። እኔ ደስ አላለኝም። ደነገጥኩ። መጥተህ ያንን ገንዳ ስታይ፣ ያቺን ከንፈርህን ስትነክስ ታየኝ። አይሆንም! አልኩ። ሲመጣ መስታወት መስሎ ይጠብቀዋል፣ አንዲት ቃል አይወጣውም፤ ያን ጊዜ ደግሞ እኔ ሳልናገረው በአጠገቡ አልፌ እሄዳለሁ። ዕቅዴ ይኸ ነበር። እናታችንን ያስተኛት አልጌው አይደለም፣ ይህች ዕቅዴ ናት።

ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው። ጠዋት ቁርስ እንደበላን ጓንቴን አጠለቅኩ፣ ትልቁን ድንጋይ ከገንዳው አውጥቼ በሳህን አድርጌ ወደ ማድቤት ወሰድኩት። ያንን የማይዝግ ትልቅ ድስት ውሃ ሞልቼ ጣድኩ። በእኔ ሥራ ያልፈላ ነገር ንጹሕ አይባልም፤ ከዚህ ሌላ ማሰብ አልመጣልኝም።

“ልጄ፣ እሱን ሳትጠይቂ?” አለች እማዬ። ብርድ ብርድ ብሏት ነጠላዋን ደርባ ምድጃው አጠገብ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። መስኮቱንም ለእሷ ብዬ ዘግቼዋለሁ።

“እሱ ምን ያውቃል፣ እማዬ? ሃያ ዓመት የቀቀልኩት እኔ ነኝ።”

“ኧረ ይሸታል። ባሕር ባሕር ይላል።”

“ቆሻሻው ሲሞት ነው። በይ ድስቱን እያየሽልኝ፣ በረኪናና ጠንካራ ብሩሽ ገዝቼ መጣሁ።”

ድስቱን እያየሽልኝ ያልኳት እኔ ነኝ። የትም ብሄድ ይህች ቃል አትለቀኝም። ሱቁ ጋ ሰልፍ ነበር። ባለሱቋ ደግሞ “ምነው ከሳሽ?” ብላ ጀመረች፤ የገንዳውን ነገር ነገርኳት፣ አንተንም አማሁህ፣ ሃያ ደቂቃም ግማሽ ሰዓትም ሳይሆን አይቀርም። ስመለስ በሩን ሳልከፍት ሳሏን ሰማሁ። ሳል አይደለም፣ ደረቷ ውስጥ የሚቀደድ ነገር ያለ ይመስላል።

ማድቤቱ በእንፋሎት ተሞልቷል። እማዬ ምድጃው ላይ ተደግፋ ቆማለች፣ ማማሰያ ይዛለች። ማማሰያ! ድንጋዩ ድስቱን እንዳይዝ እያማሰለችልኝ!

“አፌ መረረኝ” አለችኝ። “ሚስማር የጎረስኩ ይመስላል። ደረቴን... ደረቴን ያዘኝ፣ ልጄ።”

ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ሰውነቷ ይንዘፈዘፋል። ምድጃውን አጠፋሁ፣ መስኮቱን በረገድኩት፣ እሷን ብብቷ ሥር ይዤ ወደ ውጭ ጎተትኳት። ያን ጊዜ ለእኔም ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ታነቀ። በአእምሮዬ የሚመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ውሃ ነው እኮ! ድንጋይና ውሃ ነው እኮ! ጎረቤታችን ባለታክሲው መኪናውን ሲያጥብ ነበር፤ ጩኸቴን ሰምቶ ባልዲውን ጥሎ መጣ፣ እማዬን እንደ ሕፃን አቅፎ አስገባልኝ።

የወሰድናት የእኔው ሆስፒታል ነው። ተረኛው ዶክተር ያውቀኛል፤ መቀሱ ሁሉ ከእጄ ነው የሚወጣለት።

“ምንድን ነው የተነፈሱት? በረኪና ከሌላ ነገር ጋር ደባልቃችኋል?”

“በረኪናው ከፌስታሉ አልወጣም።”

“ታዲያ ምድጃው ላይ ምን ነበር?”

“ድንጋይ።”

እስክሪብቶውን አቆመ። “ምን አልሽኝ?”

“ድንጋይ ቀቅዬ ነው።”

“የምን ድንጋይ?”

“የወንድሜን።”

ዶክተሩ ነርሷን አያት፣ ነርሷ እኔን አየችኝ። “እሷንም አስተኟት” አለ ቀስ ብሎ። ባልታመም ኖሮ እስቅ ነበር። እነሱ ጭንቅላቴን የነካኝ መስሏቸዋል፣ እኔ ደግሞ አልጋው ላይ ሆኜ በመጋረጃው ክፍተት የእማዬን ቁጥር አያለሁ፤ ያ የኦክስጅን ቁጥር ይወርዳል፣ ይወርዳል። ትኩሳቷ ይወጣል። ዶክተሩ ተመልሶ መጣና እጄን ያዘኝ።

“እህቴ፣ ስሚኝ። እየደከሙብኝ ነው፤ ምን እንደነካቸው ካላወቅኩ በጨለማ ነው የምደናበረው። ድንጋዩ ላይ ምን ነበር? የሚያውቅ ሰው አለ?”

አለ። አንድ ሰው ብቻ አለ። ደወልኩልህ። በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ። ስልክህ ዝግ ነበር፣ ባሕር ላይ ነህ። እንደገና ደወልኩ። እንደገና። ከዚያ ዓይኔ ስምህ ሥር አረፈ፤ ያልተከፈተ መልእክት፣ አሥራ አንድ። ከታች ጀምሬ መክፈት ጀመርኩ። አሥራ አንደኛው ስለ መምጫህ ነው፣ ዘጋሁት። አሥረኛው ስለ ሞተሩ። ዘጠነኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘለልኳቸው። ሰባተኛው የሦስት ወር ዕድሜ አለው።

“እትዬ” አልከኝ። “እንደማትሰሚው አውቃለሁ፣ ግን ልናገር። እማዬ ዛሬ አምልጧት ድንጋዩ ፀጉር አበቀለ አለችኝ። ልታርመው ሞከረች፣ እኔ ግን ገብቶኛል። አልጌ ነው፤ እሱ ማንንም አይገድልም፣ አትደንግጪ። ምግብ ቀንሱ፣ መብራቱን መልሱት፣ የተጣራ ውሃ ብቻ ጨምሩ። ወራት ይፈጃል፣ ታገሺው። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። አንቺን ስለማውቅሽ ነው። ድንጋዩን እንዳትቀቅይው። ሰማሽኝ እትዬ? ሙቅ ውሃ አይንካው፣ በብሩሽም አይፈተግ። እነዚያ አዝራሮች መርዝ አላቸው። ፓሊቶክሲን ይባላል፣ ሲፈላ በእንፋሎት ይወጣል፣ ሰው ይጥላል። እማዬን ደግሞ አስቢያት። በቃ መቀቀል ካማረሽ ስመጣ እኔን ቀቅይኝ።” ሳቅክ። ሳቅህን ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆኜ ሰማሁት።

አንቺን ስለማውቅሽ ነው። ከስንት ሺህ ማዕበል ማዶ ሆነህ፣ ከሦስት ወር በፊት፣ ድስቱን ስጥድ አይተኸኛል! ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፤ የኔ መከራ ግን በእናቴ ደረት ላይ አረፈ።

ስልኩን ለዶክተሩ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አዳመጠው፣ የመርዙን ስም ጽፎ ይዞ ሮጠ፣ ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር። “ማርከሻ የለውም” አለኝ። “ግን አሁን ምን እንደምጠብቅ፣ ምን ማድረግ እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ሳንባቸውን እየደገፍን እናያለን። ወንድምሽ ባይናገር ኖሮ ሌላ በሽታ ስናሳድድ ጊዜያቸው ይሄድ ነበር።” ስለዚህ ያዳንካት አንተ ነህ፣ ስማ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን ያዝ።

እኔን በነገታው ለቀቁኝ። እሷ ስምንት ቀን በኦክስጅን ከረመች። ሁለት ጊዜ ቀንሰውላት ሁለት ጊዜ መለሱት። እኔ ከእግሯ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጬ ደረቷ ሲነሳና ሲወድቅ እቆጥራለሁ፤ አንተ ሳፋው ውስጥ ሆነህ እንደምትቆጥረው። በዘጠነኛው ቀን ጭንብሉን አነሱላት። ከንፈሯን ላሰች፣ እኔን አየችኝ፣ በዚያች በተፋቀች ድምፅ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ምን መሰለህ?

“ዓሦቹን ማን አበላቸው?”

ስቄም አልቅሼም አላበቃሁም። እንቅልፍ ሲወስዳት ወጣሁና እግሬ ወደለመደው ሄደ፤ የማምከኛው ክፍል በር ፊት ለፊት ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ ብዬ መልእክቶችህን ከላይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልሰማ ስልኬን አወጣሁ። የመጀመሪያው የተላከው በሄድክበት ዕለት ነው። ረፋድ አራት ሰዓት ከሩብ።

“እትዬ፣ በርሽ ላይ ነኝ” አልክ።

በርሽ ላይ ነኝ።

“ቀዩ መብራት በርቷል። ዘበኛው ያንቺ ትእዛዝ ነው፣ አልጠራልህም አሉኝ፤ አልተቀየምኳቸውም፣ ሥራቸውን ነው የሠሩት። አንድ ሰዓት ልጠብቅሽ ብዬ ነበር፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። መኪናው እየጠራኝ ነው።” ከዚያ ከጀርባህ ተሰማ። ፉጨት። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ስብር። የእኔው ማሽን! በእኔው እጅ የተከፈተው እንፋሎት! “ሰማሽ?” አልክ እየሳቅክ። “አሁን አንዱ ዙር አለቀ፤ ትወጪ ይሆናል።” ጠበቅክ። ያንን መጠበቅህን እስከ ዛሬ ድረስ እሰማዋለሁ። “አልወጣሽም። ሁለተኛውን ጀመርሽ መሰለኝ። በይ ደህና ሁኚ እትዬ። እማዬን አደራ። ገንዳውን ግን አደራ አልልሽም፤ ቢሞት ይሙት፣ አንቺ አትድከሚበት።”

ሰው መሀል ተቀምጬ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። የዚያን ዕለት ትዝ አለኝ፤ በሁለት ዙር መካከል ሁልጊዜ አሥር ደቂቃ ወጥቼ አየር እወስዳለሁ፣ ያን ጊዜ ግን የቀዶ ሕክምናው ክፍል ዕቃ ቶሎ አምጡ ብሎ ስለነበር አልወጣሁም። በመካከላችን አንድ በር ነበር። አንተ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆመህ፣ እኔ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ ሳይሰናበተኝ ሄደ ብዬ ጥርሴን ነክሼ!

ዘበኛው ጋ ሄድኩ። ያው የምታውቀው አዛውንት ናቸው።

“ጋሼ፣ የዛሬ ስምንት ወር ግድም አንድ ረጅም ልጅ እዚህ ቆሞ ነበር?”

“ሻንጣ የያዘው? እንዴታ! ውሃ ሰጥቼዋለሁ። ደጋግሞ ሰዓቱን ያይ ነበር።”

“ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?”

አንገታቸውን ደፉ። “ልጄ፣ አንቺው አይደለሽም ‘ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ እያሉ ሥራ አያስፈቱኝ’ ያልሽኝ?”

እኔው ነኝ። እጃቸውን ስሜ ተመለስኩ። አንተስ በእነዚያ ሁሉ ወራት አንድ ቀን እንኳ ለእማዬ “በሯ ላይ ቆሜ ነበር” ሳትል! ሰምታ ነው የጨከነችብኝ ብለህ ይሆናል መጀመሪያ፤ በኋላ ደግሞ አለመክፈቴን አየህ፣ ግን መላክህን አልተውክም። የቀሩትን ዘጠኙን በሙሉ ሰምቻለሁ። አንዱም ውስጥ ወቀሳ የለም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ገንዳው እውነቱን ልንገርህ። ትልቁን ድንጋይ ሆስፒታሉ የላካቸው ሰዎች ጠቅልለው ወሰዱት፣ ማድቤቱንም እነሱ አጸዱት። ከኮራሎችህ የቀሩት ሦስት ናቸው። ሙሽሪት አለች። ምግቡን ቆልፌበታለሁ፣ እማዬ “እስረኛ አደረግሻቸው” እያለች ታማኛለች። መብራቱ በስምንት ሰዓቱ ይጠፋል፣ ጀሪካኑንም እየተሸከምኩ ነው። አልጌውን በእጄ ትንሽ ትንሽ እለቅማለሁ፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ፤ ከጥጉ አልለቀቀም፣ ከፊት ለፊቱ ግን እየሳሳ ነው። ትንሿ ድንጋይ ላይ ሁለት አዝራሮች ተከፍተዋል። እነሱን በሩቁ እጅ ነስቼ አልፋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የመርከቡ ቢሮ ቀጣዩ ወደብ ላይ ያደርስልሃል። የመምጫህንም ቀን ከእነሱ ወስጃለሁ፤ ፈቃድም ጠይቄ ተሰጥቶኛል፣ በሃያ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ከመርከቡ ስትወርድ የወደቡ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ልታናግረኝ ባትፈልግ በአጠገቤ እለፍ፣ አልይዝህም። አንድ ሰዓት ከሩብ አይደለም፣ እስኪመሽ ድረስ እቆማለሁ። ሰው በዝቶ ብንጠፋፋ ሦስት ጊዜ አፏጫለሁ፤ ቤት ውስጥ እየተለማመድኩት ነው፣ እማዬ ጆሮዋን ትይዛለች። ሦስተኛው ላይ ስብር ካለ፣ እኔ ነኝ።

እህትህ፣
ወይዘሮ ንጽሕት
(ስሙን ስትመጣ ቀይርልኝ)